በቦይለር ላይ ስለሚለበጠው አስቤስቶስ

የእርሻን ፍሬ የሚያጠራ ፋብሪካ ብዙውን ጊዜ በእንፋሎት ይሠራል፤ በወንጂ በ1946 ዓ.ም. ስኳር መሠራት ከጀመረ ወዲህም የቦይለር ነገር በኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በክረምት አገዳ መፍጨት ሲቆም ጥገና ይጀመራል፤ ያን ጊዜ አለቃው የሚፈራው ቦይለሩ እንዳይፈነዳ ነው። ፍርሃቱስ ተገቢ ነው። ነገር ግን በቀዘቀዘ ቦይለር ላይ እንኳ ሰው የሚገድል ነገር ሊኖር እንዲችል የሚያስብ ጥቂት ነው።

ይኸውም ሙቀት እንዳይባክን በአሮጌ ቦይለሮችና በቧንቧዎቻቸው ላይ እንደ ምርጊት የተለበጠው አስቤስቶስ ነው። አስቤስቶስ ከምድር ተቆፍሮ የሚወጣ፥ እንደ ጥጥ የሚፈተል ድንጋይ ነው፤ እሳት አይበላውም። ሲሰበር ግን ዓይን የማያየው ቃጫ ይበተናል፤ ከሳንባም ከገባ ብዙው አይወጣም። በእንግሊዝ አገር በሮችዴል አስቤስቶስ ትፈትል የነበረች ኔሊ ከርሾ እ.ኤ.አ. በ1924 በ33 ዓመቷ ከሞተች በኋላ፥ ሐኪም ሳንባዋን መርምሮ ምክንያቱን ጻፈ። በ1964 ደግሞ ዶክተር ኧርቪንግ ሴሊኮፍና ባልደረቦቹ በኒው ዮርክ አካባቢ ልባጥ በመለበጥ ይተዳደሩ የነበሩ 632 ሠራተኞችን ተከታትለው፥ 45ቱ በሳንባና በሳንባ ሽፋን ነቀርሳ መሞታቸውን አስታወቁ፤ በተራው ሕዝብ ልክ ቢሆን 6 ወይም 7 ብቻ በሞቱ ነበር።

ደዌው ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ዓመት ተሸሽጎ ይቆያል። ሹሙ ተሽሮ፥ ፋብሪካው ተሽጦ፥ የቀን ሠራተኛው ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ይገለጣልና ከሳሽም ተከሳሽም አይገኝም። ስለዚህ ኀላፊነቱ የጥገናውን ቀን በሚቈርጠው ላይ ሊሆን ይገባል። ሥራው በሦስት ቀን ይለቅ ብሎ የቈረጠ አለቃ፥ ሠራተኛው ልባጡን በደረቁ በመዶሻ እንዲያወርድ አዝዞታል ማለት ነው።

ልባጡ ደኅና ከሆነ ባይነካ ይሻላል፤ ተሸፍኖ ምልክት ይደረግበት። አስቤስቶስነቱ በዓይን አይለይምና፥ ቍራሹ በማይክሮስኮፕ እስኪመረመር ድረስ አሮጌ ልባጥ ሁሉ እንደ አስቤስቶስ ይቈጠር። የግድ መነሣት ካለበት ሥራውን በተማሩ ሰዎች እጅ፥ ስፍራው በላስቲክ ተጋርዶ፥ ጥቂት ሳሙና በገባበት ውሃ እየረጠበ ይነሣ፤ ሳሙናው ውሃው ወደ ውስጥ እንዲሰርግ ይረዳል። ደረቁን በመጥረጊያ መጥረግ ወይም በአየር ግፊት ማራገፍ ፈጽሞ ይከልከል። አፍንጫን በነጠላ መሸፈንም ከንቱ ነው፤ ከፊት ጋር የሚገጥም፥ ለዚሁ የተሠራ ማጣሪያ ያለው ጭንብል ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የልብሱ ነገር ነው። ሠራተኛው አቧራ የያዘውን ልብስ ወደ ቤቱ ይዞ ሲሄድ ሚስቱ ታራግፈዋለች፤ ፋብሪካ ያልረገጡ ሴቶች በዚህ ምክንያት መታመማቸው በሕክምና የታወቀ ነው። ልብስ መለወጫና መታጠቢያ ክፍል ለመሥራት ገንዘብ የለኝም የሚል ባለ ፋብሪካ ልባጡን አያስነሣ። የተነሣውም በድርብ ከረጢት ታስሮ፥ ምንነቱ ተጽፎበት፥ በተፈቀደ ስፍራ ይቀበር እንጂ ለቤት ምርጊት ይሆናል ተብሎ ለጎረቤት አይሰጥ።