«ዩቲዩብ ላይ አለ» አትበሉኝ

ሰሞኑን ሆሳዕና ውስጥ ፍላሽ ላይ ሙዚቃ ከሚጭን አንድ ሱቅ ገባሁና «የቆዩ የሀዲይሳ ዘፈኖች አሉህ?» አልኩት። ልጁ ከኮምፒውተሩ ቀና ሳይል «ስንት ጊጋ?» አለኝ። የማንን ዘፈን እንደምፈልግ አልጠየቀም፣ የየትኛውን ዘመን እንደሆነም አልጠየቀም። የጠየቀኝ ጊጋውን ነው። ፍላሼን ሰጠሁት፣ ሞላልኝ። ቤት ሄጄ ስከፍተው «ትራክ 01»፣ «ትራክ 02»፣ «ኒው ፎልደር»፣ «የሀዲያ ምርጥ» ይላል። የዘፋኝ ስም የለም፣ የግጥም ደራሲ የለም፣ ዓመት የለም። አንዱ ዘፈን በሁለት ስም ሁለት ጊዜ ተጭኗል፣ ሌላው መሃል ላይ ይቋረጣል። በማግስቱ ተመልሼ «ይቺን የዘፈናት ማን ነው?» ብለው «እኔንጃ፣ የድሮ ነው» አለኝ።

በልጁ አልፈርድም፣ እንጀራው ነው። የምፈርደው በእኛ ላይ ነው። ካሴትና ሲዲ ከከተሞቻችን ሲጠፋ «ዘመኑ ተቀየረ» ብለን አጨብጭበን ሸኘነው። የጠፋው ግን ፕላስቲኩ ብቻ አይደለም። የካሴቱ ልባስ ላይ የዘፋኙ ፎቶ ነበር፣ የግጥምና የዜማ ደራሲው ስም ነበር፣ ያቀናበረው፣ ያሳተመው ሙዚቃ ቤት፣ ከታች በትንንሽ ፊደል «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» የሚል ነበር። ሥራው ባለቤት እንዳለው የሚመሰክር የልደት ካርድ ማለት ነው። ከካሴት ወደ ፍላሽ ስናሻግር ድምፁን ወስደን ካርዱን ቆሻሻ ውስጥ ጣልነው።

ይህን ሐሳብ ባነሳሁ ቁጥር ሁለት መልስ ይሰጠኛል።

አንደኛው «ምን ያስጨንቅሃል፣ ሁሉም ዩቲዩብ ላይ አለ» የሚል ነው። የለም! የጥላሁን ገሠሠና የመሐሙድ አሕመድ ሊኖር ይችላል። ዱራሜ፣ ሺንሺቾ፣ ዶዮገና፣ ሾኔ እየዞረ ሰርግ ሲያደምቅ ኖሮ አንድ ካሴት ብቻ አሳትሞ የተረሳው ሰው የታለ? ካለም፣ አንዱ ሰው ካረጀ ካሴት በስልኩ ቀድቶ የጫነው ነው፤ ከሙዚቃው በላይ የቴፑ ጩኸት ይሰማል። ያም ቢሆን የእናንተ አይደለም። የቻናሉ ባለቤት የይለፍ ቃሉን ከረሳ ወይም ቻናሉ ከተዘጋ አብሮ ይጠፋል።

ይህ ሟርት እንዳይመስላችሁ። ማይስፔስ የሚባለው ድረ ገጽ በአንድ ወቅት የዓለም ወጣት ሙዚቀኛ ሁሉ ሥራውን የሚያኖርበት ጎተራ ነበር። በፈረንጆቹ 2019 ድርጅቱ ከ2016 በፊት የተጫነው ሙዚቃ እንደጠፋ አመነ። ከ50 ሚሊዮን በላይ ዘፈን ነው የተባለው። ሰርቨር ሲቀይሩ ጠፋ፣ አለቀ። ያ ሁሉ ሰውም «ማይስፔስ ላይ አለ» እያለ ነበር። እኛ ደግሞ ኢንተርኔት በየምክንያቱ ሲቋረጥ የኖርን ሰዎች ነን። ቅርሳችንን ሌላ አገር ያለ የሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ አኑረን የምንተኛበት ድፍረት ከየት እንደመጣ አይገባኝም።

ሁለተኛው መልስ «ካሴትና ሲዲ መሰብሰብ የፈረንጅ ቅንጦት ነው» የሚል ነው። እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለ። ሶኒና ፊሊፕስ በ1999 ሱፐር ኦዲዮ ሲዲ የሚባል፣ ከተራው ሲዲ በጣም የጠራ ድምፅ የሚይዝ ዲስክ አወጡ። ብዙኃኑ ገዢ ዞር ብሎ አላየውም፣ ዛሬ ግን ዲስኩን እያሳደዱ የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። አሜሪካ ውስጥ በ2022 ከሲዲ ይልቅ ሸክላ በቁጥር በልጦ ተሸጠ፤ 41 ሚሊዮን ሸክላ በ33 ሚሊዮን ሲዲ። ከ1987 ወዲህ እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው ነው። ያም ሆኖ እዚያው አገር ከሙዚቃ ሽያጭ ገቢ 84 በመቶው የመጣው በኢንተርኔት ከሚደመጠው ነው። ሸክላ የሚገዛው ሰው ትርፍ ነገር እየገዛ ነው። ቢሰበርበት ዋናው ቅጂ በኩባንያው መጋዘን አለ።

የእኛ ነገር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ለእነሱ ዲስኩ ቅጂ ነው። ለእኛ ግን፣ በተለይ በትንንሽ ከተሞች ለተሠራው ሥራ፣ አልጋ ሥር ያለው ካሴት ዋናው ሊሆን ይችላል። መጋዘን የለውም። ስለዚህ «ቅንጦት» የሚለው ቃል ሆሳዕና አይሠራም። ሆሳዕና ውስጥ አንድ ካሴት ያስቀመጠ ሰው ሳያውቀው ቤተ መዛግብት ሆኗል።

ታሪካችንም የሚለው ይህንኑ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴን ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ወደ ጀርመን ላኳቸው፤ እዚያው ሳሉ ድምፃቸው በሸክላ ተቀረጸ። ዛሬ ከመቶ ዓመት በኋላ ድምፃቸውን የምንሰማው ሸክላው ስለተረፈ ነው። አምሃ እሸቴ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ ደፍሮ የራሱን አሳታሚ ቤት ከፈተ። ህንድ አገር ድረስ እየላከ ባሳተመበት ጥቂት ዓመት ከ100 በላይ ሸክላ አወጣ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ ሲዲ ለዓለም ያሰማው አብዛኛው ሥራ የዚያ ዘመን የሸክላ ሥራ ነው። የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ የሆሊውድ ሰዎች ባሉበት ፊልም ውስጥ የገባውም ከዚያ በኋላ ነው።

የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ደግሞ ለእኛ ይቀርባል። በፈረንጆቹ 1985 አሜሪካ ሆኖ አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያ ሙዚቃውን ትቶ ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ጀመር። አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ያንን ካሴት ባሕር ዳር ላይ አገኘውና በ2013 እንደገና እንዲታተም አደረገ። ኃይሉ ታክሲውን እየነዳ ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። ልብ በሉ፤ የሰውዬውን ሁለተኛ ዕድሜ የከፈተው አዲስ አበባ ያለ ተቋም አይደለም። ክፍለ ሀገር ላይ ሳይጣል የቆየ አንድ ካሴት ነው። ልባሱ ላይም ስም ነበረው! «ትራክ 01» ተብሎ ፍላሽ ላይ ቢሆን ኖሮ ማን ብለው ይፈልጉት ነበር?

ወደ እኛ ቀዬ እንምጣ። በሸክላው ዘመን የእኛ ድምፅ ከሞላ ጎደል አልነበረበትም። የሀዲያና የከምባታ የተቀረጸ ድምፅ በአብዛኛው የካሴት ልጅ ነው። የሠርጉ፣ የለቅሶው፣ የያሆዴው፣ የመሳላው ዜማ ሁሉ። መዝሙሩም እንዲሁ። በደርግ ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ መዝሙር ከቤት ወደ ቤት የሄደው በካሴት ነው። ተስፋዬ ጋቢሶ ለእምነቱ 7 ዓመት ታስሮ ሳለ ዝማሬው ከካሴት ወደ ካሴት እየተቀዳ ሕዝቡ ዘንድ ነበር። የእኛ አካባቢ እናቶች ያንን ካሴት ጤፍ ውስጥ ቀብረው ያተረፉት ሥራ ፈትተው አይደለም፤ ሲገኝ እንደሚያሳስር እያወቁ ነው። እነሱ ከካድሬ ያተረፉትን እኛ ቤት ስናጸዳ ጣልነው።

«እኛ» ስል ራሴን ጨምሬ ነው። የጋዜጠኝነት ተማሪ ሳለሁ ቃለ መጠይቅ የምቀዳበት ባዶ ካሴት አጣሁ። ከአባቴ ሳጥን አንዱን አነሳሁ። እንዳይጠፋ ጥርሱ ተሰብሯል። አባቴ የሰበረው አውቆ ነው። እኔ ቀዳዳውን በወረቀት ደፍኜ ላዩ ላይ የአንድ ባለሥልጣን መግለጫ ቀዳሁበት። ካሴቱ ላይ የነበረው ሾኔ አቅራቢያ የተደረገ የአጎቴ ሠርግ ነበር፤ መሃሉ ላይ አያቴ በሀዲይሳ እየመረቀች የምታዜመው ነበረበት። አያቴ ካረፈች ቆይታለች። ሌላ የተቀዳ ድምፅ የላትም። መግለጫው ምን ይል እንደነበር ዛሬ አላስታውስም። አባቴ ሲሰማ አልተቆጣኝም፤ «ጥርሱን ሰብሬው ነበር እኮ» አለ፣ ሌላ አልተናገረም። ይህን የምጽፈው ማንንም ከላይ ሆኜ ልመክር አይደለም።

ጊዜው ደግሞ እያለቀ ነው። የካሴት ክር ሙቀትና እርጥበት ይበላዋል፣ ይሻግታል፣ ይጣበቃል። ከክሩ በፊት ግን የሚያልቀው ማጫወቻው ነው። የቴፕ ሄድና ቀበቶ ከገበያ ጠፍቷል፤ ቴፕ ይጠግኑ የነበሩ ሰዎች ስልክ ጠጋኝ ሆነዋል ወይም አርጅተዋል። የዓለም የድምፅ ቤተ መዛግብት ባለሙያዎች በማግኔት ክር ላይ ያለውን ሁሉ ለማሻገር ያስቀመጡት ቀነ ገደብ 2025 ነበር። ቀጠሮው ደርሷል።

«ታዲያ በጀት ከየት ይመጣል?» ለምትሉ እስቲ አብረን እናስላ። ካሴት አንዴ ነው በደንብ የሚሻገረው፤ ስለዚህ ባለሙያዎች ለቤተ መዛግብት የሚመክሩት ድምፁን በሰከንድ 96 ሺህ ጊዜ እየለካ በ24 ቢት የሚያስቀምጥ ቅጂ ነው። ከፍተኛ ጥራት ለእኛ የሚያስፈልገን ለጆሮ ምቾት ሳይሆን ሁለተኛ ዕድል ስለሌለን ነው። በዚህ ጥራት የ90 ደቂቃ ካሴት 3 ጊጋባይት ያህል ይይዛል። 1,000 ካሴት 3 ቴራባይት ገደማ ነው። ይህ አንድ ባለ 4 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ላይ ገብቶ ቦታ ይተርፋል! የአንድ ሕዝብ የድምፅ ትውስታ ኪስ ውስጥ ይገባል። ጊዜውስ? 1,500 ሰዓት። አንድ ደህና ቴፕ በቀን 6 ሰዓት ቢሠራ 250 የሥራ ቀን፣ ማለትም አንድ ዓመት። የሚፈለገው አንድ ቴፕ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ሃርድ ዲስክና ሁለት ትጉህ ልጅ ነው። ለአንድ የባህል ቀን ቲሸርትና ባነር የምናወጣው ገንዘብ ያስጀምረዋል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ግልጽ ነው።

የዞን ባህል ቢሮዎች ሆይ፣ ባህል ማለት በዓመት አንድ ቀን ስታዲየም ላይ መጨፈር ብቻ አይደለም። ካሴት የሚሰበስብና የሚያሻግር አንድ ክፍል ሆሳዕና ላይ፣ አንድ ዱራሜ ላይ ክፈቱ። ሁለት ቦታ የምለው አንዱ ቢቃጠል ሌላው እንዲተርፍ ነው።

ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ፣ ተማሪም ኮምፒውተርም አላችሁ። አንድ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ 50 ካሴት አሻግሮ የዘፋኞቹን ታሪክ ቢጽፍ ከብዙ የመደርደሪያ ጥናት ይበልጣል።

አብያተ ክርስቲያናት፣ የቆዩ የመዘምራን ካሴቶች በየዕቃ ቤቱ አሉ። ታንቡርና ኪቦርድ ስትገዙ አስታውሷቸው።

ሰብሳቢዎች፣ ለእናንተም ቃል አለኝ። ፌስቡክ ላይ ልባስ እያሳየ «ይቺ እኔ ጋ ብቻ ናት» የሚል ሰው ሰብሳቢ አይባልም። የቆለፈበት ዕለት ግማሹን ገድሎታል። ለሚያሻግር ሰው አውሱ፣ ካሴቱ የናንተው ይሁን።

«የቅጂ መብትስ?» የሚል ካለ መልካም ጥያቄ ነው። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለድምፅ ቅጂ የ50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። ስለዚህ ያሻገርነውን ሁሉ ዘፋኙን ወይም ወራሾቹን ሳንጠይቅ ኢንተርኔት ላይ መበተን ሌብነት ነው። ነገር ግን ያው አዋጅ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ሥራው እንዳይጠፋ ቅጂ እንዲያስቀሩ በር ይከፍታል። መብት የሚከበረው ደግሞ ስም ሲኖር ነው። ለ«ትራክ 01» ማን ይከፍላል?

ለእናንተ ለአንባቢዎቼ የቤት ሥራ አለኝ። ዛሬ ማታ አልጋ ሥር ያለውን ሳጥን አውጡት። የሻገተ ካሴት ካለ ቴፕ ውስጥ አትክተቱት፣ ለይታችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። የደህናዎቹን ጥርስ ስበሩ። ከዚያ አባት ወይም አያት ካላችሁ አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ «ይህ የማን ድምፅ ነው?» በሏቸውና ስሙን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ልባሱ ውስጥ ክተቱ። ይህ ብር አያስወጣም።

እኔ ዕድሌን በመግለጫ ላይ አጥፍቼዋለሁ። እናንተ ገና አላጠፋችሁትም።

ቤታችሁ ምን እንዳለ አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልኝ፤ የዘፋኙን ስም ግን አትርሱ። ቸር እንሰንብት።