በር መዝጋት ሕዝብን አያቆይም

ሰው የተወለደበትን አገር ጥሎ የሚሄደው አንድም መኖር ሲያቅተው፣ አንድም መናገር ሲከለከል ነው። ይህን ሐቅ መቀበል የማይፈልግ ሥርዓት የሚሄደውን ሰው «ከዳተኛ» ብሎ ይሰይመዋል፤ የሄደበትን ምክንያት ግን አይመረምርም። የላንቴ ገበሬ፣ የአርባ ምንጭ ሠራተኛና የየቀበሌው ነዋሪ ስለ ስደት በሚወያዩበት ጊዜ መነሻቸው የአገራችን ያለፈ ተጨባጭ ታሪክ ሊሆን ይገባል።

እንደሚታወቀው፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀርቷል። በቀድሞው ጋሞ ጎፋም ሆነ በሌላው የደቡብ ምድር ለባለርስት ሲገብር የኖረው አራሽ የላቡ ተጠቃሚ ለመሆን በቅቷል። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅም የቤት ኪራይን ዝቅ አድርጎ የከተማውን ነዋሪ በቀበሌ አደራጅቷል። ይህ የማይካድ የሕዝብ ድል ነበር።

ሆኖም ለአራሹ መሬት የሰጠው መንግሥት የአራሹን ልጅ አንደበት ዘጋ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ዘመን፣ ነዋሪውን እንዲያገለግል የተቋቋመው ቀበሌ በብዙ ሥፍራ ወደ እስር ቤትነት ተለወጠ። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» እያለ አደባባይ ከወጣው የተማሪ ትውልድ መካከል ብዙው ሞተ፤ ብዙው ታሰረ፤ የተረፈው በሌሊት እየተጓዘ የሱዳንንና የኬንያን ወሰን ተሻገረ። የመውጫ ቪዛ ለተራው ሰው የማይደረስበት ነገር ሲሆን ስደቱ አልቆመም። መንገዱ ከአየር ማረፊያ ወደ በረሃ ተዛወረ እንጂ።

ይህ ስሕተት የእኛ ብቻ አልነበረም። ምሥራቅ ጀርመን ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው ከወጣባት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1961 በርሊን ላይ ግንብ ሠራች። ግንቡ 28 ዓመት ቆሞ እ.ኤ.አ. በ1989 ተከፈተ፤ ሕዝቡም በመዶሻ እየቀጠቀጠ ናደው። በስሙ የሠራተኛው መንግሥት የሚባል አገር ሠራተኛውን በሽቦ አጥር ለማቆየት ከተገደደ፣ ቅራኔው ከራሱ ከሥርዓቱ ውስጥ መሆኑ ግልጽ ነው።

ወሰን የተሻገረው ወገናችን ኑሮውን እንዴት መሠረተ? እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ሱዳን ውስጥ ተጠልለው ከነበሩት መካከል በሺህ ለሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በር ከፈተ። በዋሺንግተንና በሌሎች ከተሞች የተማረው ሰው ታክሲ ነዳ፤ የሰው መኪና አቆመ፤ በምግብ ቤት ሳህን አጠበ። ጤፍ ባጣበት ዘመን በሌላ ዱቄት እንጀራ ጋገረ። ሥራን አለመናቁ ብቻውን ግን አላቆመውም፤ ያቆመው መደራጀቱ ነው። ለንግዱ መነሻ ገንዘብ በዕቁብ ሰበሰበ፤ ኀዘኑን በእድር ተካፈለ።

እ.ኤ.አ. በ1984 አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ በታላቅ ሰልፍና ድግስ ተመሠረተ። በዚያው ዓመት ስደተኞቹ የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ የሚባለውን ማኅበር አቋቋሙ። ፓርቲው በ1983 ዓ.ም. ከሥርዓቱ ጋር ፈረሰ። የኳስ ወዳጆቹ ማኅበር ግን የውስጥ ጭቅጭቅ ቢገጥመውም ዛሬም ሕዝብ ያሰባስባል። አንዱን ያቆመው ትእዛዝ ነበር፤ ሌላውን የአባላቱ ፈቃድ።

ለጋሞ ሕዝብ ይህ እንግዳ ትምህርት አይደለም። የዶርዜ ሸማኔ ከደጋው ወርዶ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ላይ ኑሮ ሲመሠርት መጠጊያ የሆነው ቀድሞት የሄደው ዘመዱ ነው።

ዛሬ የደቡብ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚያቀናው በደላላ እጅ ነው። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ውስጥ በቴቴ ክፍለ ሀገር 64 ኢትዮጵያውያን በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል። በዚያው ዓመት ሰው የሚያዘዋውሩትን የሚቀጣ አዋጅ ወጥቷል፤ ደላላውን መቅጣትም ተገቢ ነው። ነገር ግን ቅጣት ብቻውን ሌላ የተዘጋ በር ይሆናል። የቀድሞው ዘመን ያስተማረንም ይህንኑ ነው።

በመሆኑም የላንቴ እድርተኞችና የገበሬ ማኅበርተኞች ሦስት ጥያቄዎችን ወደ ዱቡሻ ሊያቀርቡ ይገባል። የሙዙን ዋጋ የሚወስነው አምራቹ ነው ወይስ መንገድ ዳር የቆመው ነጋዴ? ከመስኖው መሬትና ከኅብረት ሥራው ለወጣቱ ምን ድርሻ አለው? በስብሰባውስ ወጣቱ አሳቡን ሲሰጥ ይደመጣል ወይስ «ልጅ ነህ» ተብሎ ይቀመጣል? ለእነዚህ መልስ ያላገኘ ልጅ አካሉ ላንቴ ቢሆን ልቡ ቀድሞ ሞያሌን ተሻግሯል።

ለመሄድ የቆረጠውን አንስደበው፤ ሕጋዊውን መንገድና ተቀባዩን ወገን አውቆ እንዲሄድ እንምከረው። ከመንገድ የተመለሰውንም ባዶ እጁን መጣ ብለን አናሳፍረው፤ ደላላው የሚደብቀውን ሐቅ ለታናናሾቹ የሚነግር ምስክር እርሱ ነውና። ወጣቱን በላንቴ የሚያቆየው በመሬቱ ላይ ያለው ድርሻና በጉባኤው ላይ ያለው ድምፅ ነው፤ ይህንንም ለመስጠት ከአባቶቹ በቀር የሚጠበቅ ሌላ አካል የለም።