ስለ አባት ቤትና ስለ ጎረቤት

ሰው ቤት የሚሠራው ከዝናብና ከብርድ ለመጠለል ብቻ አይደለም። ልጅ ሊያሳድግበት፥ እንግዳ ሊቀበልበት፥ በመጨረሻም ሬሳው በክብር ሊወጣበት ነው። እንግዲህ ቤት ማለት ግድግዳውና ጣራው ብቻ ሳይሆን በዙሪያው የሚኖረው ሰው ጭምር ነው። ይህን ሳያስተውሉ የአባታቸውን ቤት ከገበያ እንደሚወጣ በቅሎ የሚቈጥሩ ሰዎች በዘመናችን ስለ በዙ፥ በዛሬው የቤተ ሰብ ዐምዳችን ስለዚሁ ነገር ጥቂት ልንናገር ወደድን። ምሳሌ የምናደርጋትም በወለጋ ምድር ያለችውን ነቀምቴን ነው፤ ነገሩ ግን ለሻምቡም፥ ለጊምቢም፥ ለነጆም፥ በየተራራው ለተቈረቈሩት ከተሞች ሁሉ የሚስማማ ነው።

ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ዙሪያዋን የሚያዋስናት ወረዳ ጉቶ ጊዳ ይባላል። ዝናብዋ ብዙ፥ ዳገትዋም ብዙ ነው። ስለዚህ በዚያ አገር ቤት የሚሠራ ሰው ገና ከመጀመሪያው ስለ ጣራው፥ ስለ አሸንዳውና ስለ ቦዩ ያስባል። በክረምት ከላይ የሚወርደው ውሃ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ግቢ የሚያልፍ ነውና፥ የላይኛው ጎረቤት ቦዩን ሳይጠርግ ቢቀር የታችኛው ጎረቤት ግድግዳ ይፈርሳል። የተራራ ከተማ ሰው ወደደም ጠላም ከጎረቤቱ ጋር በአንድ ውሃ የታሰረ ነው።

ከተማይቱ በቀደመው ዘመን የለቃ ነቀምቴ ገዥዎች መቀመጫ ነበረች። ሞረዳ በከሬ በ1874 ዓ.ም. ለንጉሥ ምኒልክ በሰላም ገብተው አገራቸውን ከጦርነት አተረፉ። ልጃቸው ኩምሳ ሞረዳም ክርስትና ተነሥተው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ተባሉ። በስማቸው የሚጠራው ግቢ ለትውልድ ቅርስ ሆኖ ቆይቷል። በአንድ አጥር ውስጥ ብዙ ቤቶች ያሉበት ይህ ግቢ የአንድ ቤተ ሰብ መኖሪያ ብቻ አልነበረም፤ አገር የሚተዳደርበትና ብዙ ሰው የሚሰበሰብበት ሥፍራም ነበር። የትልቅ ሰው ቤት የሚከበረው በግንቡ ከፍታ ሳይሆን በደጃፉ በሚገባውና በሚወጣው ሰው እንደ ሆነ ከዚህ እንማራለን።

የመሬቱ ሥርዓት ግን በየዘመኑ ተለዋውጧል። በወለጋ ኦሮሞ ዘንድ አስቀድሞ መሬትን ይዞ ያቀና ሰው መብት ‹ቀብዬ› ይባል ነበር። ከዚያ በኋላ የገዥና የገባር ሥርዓት መጣ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ደግሞ የከተማን ቦታ ሁሉና ትርፍ ቤትን ሁሉ የመንግሥት አደረገ፤ ለአንድ ቤተ ሰብም ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ከለከለ። ብዙ ቤት የነበረው ሰው በአንድ ቀን ባለ አንድ ቤት ሆነ፤ በኪራይ ይኖር የነበረውም ሰው ኪራዩን ለቀበሌ ወይም ለመንግሥት የኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት የሚከፍል ሆነ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፥ አይሸጥም አይለወጥም ሲል ደነገገ።

እንግዲህ ዛሬ በከተማ ቤት ሲሸጥ በሕግ ፊት የሚሸጠው መሬቱ አይደለም። የሚሸጠው በላዩ የተሠራው ቤት ነው። ነገር ግን እናስተውል፤ ያረጀ የጭቃ ቤት፥ ማገሩ የበሰበሰ፥ ቆርቆሮው የዛገ ሆኖ ሳለ ብዙ ገንዘብ ሲያወጣ ይታያል። ይህ ዋጋ ከጭቃው አልመጣም፤ ከሥፍራው መጣ እንጂ። ሥፍራውንስ ማን አከበረው? መንገዱን መንግሥት አወጣው። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪና መምህር አመጣለት። በንግድ ዓለም ‹ለቀምት› በሚል ስም የታወቀው የወለጋ ቡና ለከተማይቱ ነጋዴ አመጣላት። ሌሊት ጩኸት ሲሰማ እየወጣ፥ እሳት ሲነሣ ውሃ እየተሸከመ ሰፈሩን ያቆየው ግን ጎረቤት ነው። ስለዚህ በቤት ዋጋ ውስጥ በወረቀት ያልተጻፈ የጎረቤት ድርሻ አለ ብንል አልተሳሳትንም።

ይህ የጎረቤት ድርሻ በችግር ቀን ይታያል። ሰው በሞተ ጊዜ ድንኳኑን የሚተክለው፥ ወንበሩን የሚያመጣው፥ ቡናውን የሚያፈላው፥ ኀዘንተኛውን የሚያጽናናው ዕድሩ ነው። በገጠሩም ሥራ የከበደበት ሰው ደቦ ይጠራል። ጠብ በተነሣ ጊዜ ‹ጃርሳ ቢያ› የሚባሉት የአገር ሽማግሌዎች ከጥላ ሥር ተቀምጠው ያስታርቃሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ለዚህ ነው። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ከካማሺ ዞን ብዙ ሕዝብ ተፈናቅሎ ወደ ወለጋ በፈለሰ ጊዜም በነቀምቴ ተጠልሎ የነበረው ሰው ብዙ ነው። በዚያን ጊዜ ለተራበ እንጀራ፥ ለታረዘ ልብስ የተሰጠው ቤት በተባለው ነገር ውስጥ ሰው ስለ ነበረበት ነው። ዝግ ቤት እንግዳ አያሳድርም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንመለስ። አባት በሞተ ጊዜ የሚሆነው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ከልጆቹ አንዱ በአዲስ አበባ ባለ ሥልጣን ይሆናል፥ ሌላው በውጭ አገር ይኖራል፥ አንዲቱ ሴት ልጅ ግን ከእናቷ ጋር በአባቷ ቤት ቀርታ አባቷን አስታማ፥ የዕድሩን መዋጮ እየከፈለች፥ በየዓመቱ ግድግዳውን እየመረገች ትኖራለች። ከተዝካሩ በኋላ ደላላ ይመጣል፤ ለአንዱ ወንድም በስልክ፥ ለሌላው በደብዳቤ ዋጋ ይነግራል። ወንድማማቾቹም ድርሻ ድርሻችንን እንውሰድ ይላሉ። እኅታቸው ብትናገር ቤቱን ለብቻዋ ልታስቀር ነው ተብላ ትታማለች። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንደ ተባለው በመካከላቸው በተከፈተው ቀዳዳ ደላላው ገብቶ ቤቱን በርካሽ ያሸጣል። ገንዘቡ ለአራትና ለአምስት ሲከፈል ለማንኛቸውም ቤት የማይሠራ ይሆናል። አሮጊቲቱ እናት በእርጅናዋ የኪራይ ቤት ትፈልጋለች፤ ልጆቹም ለሠርግና ለኀዘን የሚሰበሰቡበት ደጃፍ አይኖራቸውም።

በዚህ ነገር ሕጉ የሚለውን ማወቅ ለሁሉም ይጠቅማል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ኑዛዜ ሳይኖር የሞተን ሰው አስቀድመው የሚወርሱት ልጆቹ ናቸው፤ ድርሻቸውም እኩል ነው፥ ወንድና ሴት አይለይም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 35 ሴቶች በውርስ ከወንዶች እኩል መሆናቸውን አጽንቷል። ሚስት ባልዋን በሕግ አትወርስም፤ ነገር ግን በትዳር ከተፈራው የጋራ ሀብት እኩሌታው አስቀድሞ የራሷ ነውና፥ ልጆች የሚካፈሉት የአባታቸውን እኩሌታ ብቻ ነው። የእናትን ድርሻ ጨምሮ የሚካፈል ልጅ ውርስ ወሰደ አይባልም፤ የሰው ገንዘብ ወሰደ ይባላል።

አባትን ያስታመመች ልጅ ስለ ድካሟ ብቻ በሕግ የተለየ ድርሻ አታገኝም። ይህን የሚያስተካክለው የአባት ኑዛዜ ነው። በሕጉ መሠረት በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ ይፈረማል፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ኑዛዜ መጻፍ ሞትን መጥራት የሚመስላቸው አባቶች አሉ። ሞት ግን ሳይጠራም ይመጣል፤ ያለ ኑዛዜ የመጣ እንደ ሆነ ጠብን አስከትሎ ይመጣል።

ስለ ሽያጭም ሕጉ ግልጽ ነው። የማይንቀሳቀስ ሀብትን ባለቤትነት የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አዋዋይ ፊት መመዝገብ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1723 አዝዟል። በቡና ቤት ተፈርሞ በኪስ የተቀመጠ ወረቀት ለገዥም ለሻጭም የክርክር ዘር ነው። በትዳር ያለ ሰውም የጋራ ቤትን ያለ ባለቤቱ ስምምነት ሊሸጥ እንደማይችል በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተ ሰብ ሕግ በቁጥር 68 ደንግጓል። ደግሞም አዋጅ ቁጥር 721/2004 በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት በውርስ ሲተላለፍና በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ለያይቶ አይቷል። ቤቱ በውርስ ሳይሆን በሽያጭ ወደ ሦስተኛ ሰው ከተላለፈ ገዥው ቦታውን የሚይዘው በሊዝ እንዲሆን አድርጓል። እንግዲህ በውርስ የተገኘውን ነባር ይዞታ ለባዕድ የሚሸጥ ወራሽ ከቤቱ ጋር የአባቱን የይዞታ ሥርዓትም ይለቃል ማለት ነው።

ይህ ችግር በአገራችን ብቻ ያለ አይደለም። በስዊስ አገር በተራራ ላይ ያሉ መንደሮች ቤቶቻቸው በሩቅ ሰዎች እየተገዙ ብዙውን የዓመቱን ጊዜ ተዘግተው ስለሚኖሩ፥ ሕዝቡ በመጋቢት 2004 ዓ.ም. ድምፅ ሰጥቶ በአንድ ቀበሌ ውስጥ እንዲህ ያለው ሁለተኛ መኖሪያ ከመቶ ሃያ እጅ እንዳይበልጥ ወሰነ። በሀብት የታወቀ አገር መብራት በማይታይበት መስኮት ብዛት ከሠጋ፥ እኛም ቤቶቻችን በተቈለፉ በሮች እንዳይሞሉ ማሰብ ይገባናል።

ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው። አባትና እናት በሕይወት ሳሉ ልጆቻቸውን ሰብስበው ስለ ቤቱ ያላቸውን ፈቃድ ይንገሩ፤ የተናገሩትንም በሕግ ሥርዓት ያስጽፉ። ወራሾች ቤቱን ለመሸጥ የተገደዱ እንደ ሆነ አስቀድመው በቤቱ ውስጥ የሚኖረውን ይጠይቁ። ከመካከላቸው መግዛት የሚችል ካለ በጊዜ ከፋፍሎ እንዲከፍል ይታገሡት፤ ከዚያ በኋላ ወደ ጎረቤትና ወደ ዘመድ፥ በመጨረሻም ወደ ባዕድ ይሂዱ። ለአሮጊት እናት ማረፊያ ሳይዘጋጅ ቀብድ አይቀበሉ። ገዥም ቁልፉን በተቀበለ ሰሞን ለዕድሩ ይመዝገብ፥ ጎረቤቶቹን ቡና ይጥራ፥ ቦዩንም ይጥረግ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት እንደሚሻል የሚያውቀው በታመመ ቀን ብቻ አይሁን።

ሹመት ላላችሁ አንባቢዎቻችን ደግሞ ልዩ ቃል አለን። በማዘጋጃ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚከማቸው መዝገብ ወረቀት ብቻ አይደለም፤ በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ቤተ ሰብ ተቀምጦ ይጠብቃል። የስም ዝውውር አንድ ዓመት የዘገየ እንደ ሆነ በዚያ ዓመት ውስጥ ደላላው ይገባል፥ ወንድም ከወንድሙ ይቀያየማል። የይዞታ ማረጋገጫ በባል ስም ብቻ ሊጻፍ ሲቀርብላችሁ ሚስቲቱ የት እንዳለች ጠይቁ። ለመካፈል የመጡትን ወራሾችም አስቀድማችሁ ወደ ሽማግሌ ብትመልሱአቸው ሥራችሁን አላጐደላችሁም፤ የዳኛን ድካም አቀለላችሁ እንጂ። እናንተ ራሳችሁም ከተወለዳችሁበት ከተማ ርቃችሁ የምትኖሩ ከሆነ፥ የአባታችሁን ቤት የምትጠብቀውን እኅታችሁን ከደላላው ስልክ በፊት እናንተ ጥሩአት።

የአባት ቤት ሁልጊዜ አይሸጥ አንልም፤ ችግር ሕግን ይሽራልና የሚሸጥበት ቀን ይኖራል። በሚሸጥበት ቀን ግን እናት ሳታለቅስ፥ እኅት ሳትገፋ፥ ጎረቤትም ሳይናቅ ቢሸጥ፥ ገንዘቡ ይበረክታል፥ ሻጩም ወደ ተወለደበት ሰፈር በተመለሰ ጊዜ ግባ የሚለው ደጃፍ አያጣም።