የሶማሊያው ጦርነት እስከ መቼ?



አልሸባብን እናወግዛለን። በመስከረም 2004 በሞቃዲሾ የስኮላርሺፕ ውጤት ሊያዩ የተሰበሰቡ ሙስሊም ተማሪዎችን በቦምብ ፈጅቷል። ሶማሌ ወንድሞቻችን ይህን ጠላት ብቻቸውን ይጋፈጡ አንልም።

ነገር ግን ጦር ብቻውን እንደማይበቃ አይተናል። ሠራዊታችን በታኅሣሥ 1999 ዘምቶ የእስልምና ፍርድ ቤቶች ኅብረትን በቀናት በተነ፤ በጥር 2001 ሲወጣ አልሸባብ ይበልጥ ጠንክሮ ነበር። በ2004 ተመልሶ ገባ፤ በጥር 2006 የአፍሪካ ኅብረትን ጦር ተቀላቀለ። ስለዚህ ዘመቻው የጊዜ ገደብ ይበጅለት፤ የሞቱትና የቆሰሉት ልጆቻችን ቁጥር ለሕዝብ ይነገር። የጫግኒም እናት የልጇን ደኅንነት የማወቅ መብት አላት።

እዚህ ደግሞ በሰላም መብታቸውን የጠየቁ ኮሚቴዎቻችን በ2004 ታስረው በፀረ ሽብር አዋጅ 652/2001 ተከሰው ነበር። ሰላማዊውን አሸባሪ ማለት የሚጠቅመው አልሸባብን ብቻ ነው።

ድምፃችን ይሰማ! አላሁ አክበር!