ቡሁንድ ወይስ ሉንደሁንድ?

ለእኛ ዘመን ሰው ውሻ የደጅ ነው። አጥር ይጠብቃል፣ ትራፊ ይበላል፣ ሌሊት ይጮሃል፤ ዘሩ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ በኖርዌይ፣ በርገን ከተማ የምትኖረው ልጄ ስልክ ደውላ «አባዬ፣ ከሁለት የውሻ ዘሮች የትኛውን እንምረጥ?» ስትለኝ መጀመሪያ ሳቅሁ። ቆይቼ ሳስበው ግን የሚሳቅበት አይደለም። ውሻ ከ12 እስከ 15 ዓመት ይኖራል። የ10 ዓመቷ የልጅ ልጄ አሁን የምታቅፈው ቡችላ ዩኒቨርሲቲ ስትገባም እዚያው ቤት ነው። በዚያ ላይ ልጆቹን ለማገዝ የሄደችው ባለቤቴ ውሻ ትፈራለች።

ሁለቱም ዘሮች ስፒትዝ ከሚባለው ወገን ናቸው። ጆሯቸው የቆመ፣ ጸጉራቸው ድርብ፣ ጅራታቸው ብዙ ጊዜ ወደ ጀርባ የተጠቀለለ ነው። ሁለቱም የኖርዌይ ናቸው፤ ከአገራቸው ውጭም እምብዛም አይገኙም። ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው።

የልጅ ልጄ ልብ ያረፈው ሉንደሁንድ ላይ ነው። አይፈረድባትም። ከ6 እስከ 7 ኪሎ የምትመዝን ትንሽ ውሻ ናት። በእያንዳንዱ እግሯ ቢያንስ 6 ጣት አላት፤ አንገቷን ወደ ኋላ ቆልምማ አናቷን ጀርባዋ ላይ ታሳርፋለች፤ ጆሮዋን አጥፋ ትዘጋዋለች። ይህ ሁሉ ለሥራ የተሰጣት ነው። በሰሜን ኖርዌይ፣ ከሎፎተን ደሴቶች አንዷ በሆነችው በቬሮይ፣ ፓፊን የሚባለውን የባሕር ወፍ ከገደል ስንጥቅ ጎትታ የምታወጣው እሷ ነበረች። ሰዎቹ ወፉን በመረብ መያዝ ሲጀምሩ ሥራ ፈታች። ሞስታድ በምትባል ሩቅ መንደር ተርፋ ሳለ ደግሞ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ዲስተምፐር የሚባል የውሻ ተላላፊ በሽታ ገብቶ ፈጃት። ኤሌኖር ክሪስቲ የተባሉ ኖርዌጂያዊት ቀደም ብለው ከመንደሩ ጥቂቶቹን አስመጥተው ባያረቡ ኖሮ ዛሬ ስሟም ባልተነሣ ነበር።

ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል። የዛሬዎቹ ሉንደሁንዶች በሙሉ በጣት ከሚቆጠሩ ተራፊዎች የተወለዱ ናቸው። አባቶቻችን ልጅ ሊድሩ ሲሉ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥሩ የለ? ለዚህች ውሻ የሚቆጠር ቤት አልተረፈላትም፤ ሁሉም የቅርብ ዘመድ ነው። አንድ የአንጀት በሽታም ዘሯን ተጠናውቶታል። የበላችው ፕሮቲን በሰውነቷ አይቀርም፤ ያስቀምጣታል፣ ያስመልሳታል፣ ትከሳለች። ሁሉም ይታመማሉ ማለት አይደለም። የታመመችው ግን በልዩ ምግብና በሕክምና ትደገፋለች እንጂ ፈጽማ አትድንም፤ የምትሞትም አለች። አርቢዎቹ ዘሯን ለመታደግ ከሌሎች ስፒትዞች ጋር እያዳቀሏት ነው። ደም ካበደሯት አንዱ ማን መሰላችሁ? ያው ቡሁንድ ነው።

ሽንቷን ውጭ እንድትሸና ማስለመድም ትዕግሥት የሚፈታተን ሥራ ነው ይባላል። ለተከራይ ቤት ወለል ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ቡሁንድ እንግዲህ የገበሬ ውሻ ነው፤ ስሙም የእርሻ ቤት ውሻ እንደ ማለት ነው። በግ ሲነዳ፣ ግቢ ሲጠብቅ የኖረ ነው። በ1880 እ.ኤ.አ. ጎክስታድ ላይ የተቆፈረው የቫይኪንጎች መቃብር ውስጥ፣ ከመርከቡ ጋር የውሾች አጽም ተገኝቶ ነበር፤ የቡሁንድ ወዳጆች «የእኛው ቅድመ አያቶች ናቸው» ይላሉ። ቁመቱ ከ47 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ክብደቱ ከ12 እስከ 18 ኪሎ ነው። ልጆች ይወዳል፣ ያስተማሩትን ቶሎ ይይዛል። እንከን የለበትም አልልም። ጸጉሩ ይረግፋል፤ ካልሮጠ ቤት ያተራምሳል። በዘር የሚመጣ የዓይን ሞራም ስላለበት የወላጆቹን የዓይን ምርመራ ወረቀት ሳያዩ መግዛት አይገባም። ጩኸቱ ደግሞ አለ። ውሻ በበላበት ይጮሃል እንላለን፤ ይኼኛው ሳይበላም ይጮሃል። ግድግዳ ለሚጋራ ጎረቤት ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ዝምታ ማስተማር ግድ ነው።

እኔ ለቡሁንድ ድምፄን ሰጥቻለሁ። የ10 ዓመት ልጅ የምትወደው እንስሳ እየከሳ ሲሄድ ማየት አለባት ወይ? አንድ ቀን ሐዘን ማወቋ አይቀርም፤ አውቆ ወደ እሱ መውሰድ ግን ሌላ ነገር ነው። ልጄ ነርስ ናት፤ ፈረቃ ትሠራለች፤ ለታመመ ውሻ ለብቻ የሚቀቅል ሰው በዚያ ቤት የለም።

የሚያስፈራኝ ክብደቱ ነው። በርገን ዝናብ የማያጣት ከተማ ናት። በክረምታቸው እምብርት ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሲጠጋ ሲሆን፣ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች። በዚያ ጨለማ፣ በተንሸራታች መንገድ፣ ዕድሜዋ የገፋ ሴት 16 ኪሎ ውሻ ይጎትታት? ስለዚህ አንድ ነገር ቆርጬ ነግሬያቸዋለሁ፤ እናታችሁ ገመድ አትይዝም።

እሷ ግን የምትፈራው ሌላ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ። በዋናው የኖርዌይ ምድር በሽታው እንደሌለ ነግረናት ትንሽ ቀለል ብሏታል። ልክ የሆነችው ግን በሌላ በኩል ነው። እነዚህ ልጆች በክረምት አዲስ አበባ ሲመጡ ያገኙትን ውሻ ሁሉ እንደ ቤታቸው ውሻ ሊደባብሱ ነው። የውጭ የልጅ ልጆች ያላችሁ አያቶች፣ ከመምጣታቸው በፊት ስለ ክትባቱ ሐኪም እንዲያማክሩ ንገሯቸው። ውሻ ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። «እስቲ ውሻው ያብድ እንደሆነ እንይ» እያሉ መቀመጥ አያዋጣም፤ የበሽታው ምልክት ሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም።

ቡችላው በፀደይ ይመጣል ተብሏል። ከሚያዝያ 1 እስከ ነሐሴ 20 በእነሱ አቆጣጠር በኖርዌይ ውሻ ያለ ገመድ አይለቀቅም፤ የዱር እንስሳትና ከብቶች የሚወልዱበት ጊዜ ነውና። እንግዲህ የመጀመሪያ ወራቱ በሙሉ ሰው ገመድ ይዞ የሚያንሸራሽርበት ነው። ልጄ የሳምንቱን ተራ ጽፋ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፋለች። የልጅ ልጄ ከትምህርት መልስ ያለውን ሁሉ በስሟ ሞልታዋለች። አማቼ አውቶቡስ ነጂ ነው፣ በሌሊት ይወጣል፤ ቅዳሜና እሑድን ወስዷል። የማክሰኞና የሐሙስ ጠዋት እስካሁን ባዶ ነው።