አስቀድሞ የሰማው ማን ነው?

በዚህ ሳምንት በአንድ ግብዣ ላይ፣ ዕድሜያቸውን መጻሕፍት በመመርመር የፈጁ አንድ ወዳጄ፣ ከካቶሊክ ወዛደር ቤት የተወለደች ልጅ ልቧ በሴት ላይ ማረፉን ብትገልጥ መርገምና መባረር ብቻ ይጠብቃታል ብለው ሲፈርዱ ሰማሁና፣ ይህ ዓምድ ደጋግሞ የተቃወመው አሮጌ ነገር፣ ማለትም ምሁሩ ጭካኔን ሁሉ በድኻው ደጅ የመጣል ልማዱ፣ እንደ ገና አናደደኝ።

በ2015 እ.ኤ.አ. የጸደይ ወራት በደብሊን ተከራይቼ የተቀመጥኩበት ቤት አባት አውቶቡስ ነጂ፣ እናት የሆቴል አንሶላ አጣቢ ነበሩ፤ በግድግዳውም ላይ የልበ ኢየሱስ ሥዕል ከቀይ መብራቱ ጋራ ተሰቅሏል። ታናሺቱ ልጃቸው ነገሩን በገለጠችበት ማታ እናትየዋ ያለቀሱት ስለ ኃጢአት ሳይሆን አክስቷ ከእርሳቸው አስቀድመው ማወቃቸው ስላንገበገባቸው ነበር፤ ሳምንቱንም ሙሉ “ለእኅቴ ነግረሽ ለእኔ?” ከማለት አልተቈጠቡም። አባትየው አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ሰነበቱና፣ በእሑድ ቅዳሴ የቁምስናው ካህን ስለ ተመሳሳይ ፆታ ጋብቻው ሕዝበ ውሳኔ መስበክ ሲጀምሩ ብድግ ብለው ወጡ፤ ከደጀ ሰላሙም ቆመው ትምባሆአቸውን አጨሱ፤ ለቅዱስ ቁርባን ግን ተመልሰው ገቡ። ይህን ነገረ መለኮት ወዳጄ ከየትኛው መጽሐፍ ያገኙታል?

እ.ኤ.አ. በግንቦት 22 ቀን ሕዝቡ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን በ62 በመቶ ድምፅ ሲያጸድቅ፣ እንደ ታላ ያሉ የሠራተኛ ሰፈሮችን የያዘው የደብሊን ደቡብ ምዕራብ ምርጫ ክልል ከ70 በመቶ በላይ ደገፈ፤ ከመላው አገር እንቢ ያለ አንድ የምርጫ ክልል ብቻ ነበር። ለወዳጄ ይህ ይበቃል።

እኔን የሚከብደኝ ሌላ ነው። የዚያ አገር ሕግ እስከ 1993 ድረስ ወንዶችን ሲቀጣ፣ ሴቶችን ግን ለቅጣት እንኳ አላሰባቸውም፤ እንዲህ ያለው ቸልታ ነፃነት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ከድምፁ ቀን አንድ ሳምንት አስቀድማ ምስጢሯን በጋዜጣ የገለጠችው ካቶሊካዊቷ ጋዜጠኛ ኧርሱላ ሃሊጋን ከ17 ዓመቷ ጀምራ በውስጧ አፍና ኖራዋለች።

አክስትየዋም እንዲሁ ነበሩ። ሳያገቡ፣ ከአንዲት ነርስ ጋራ በአንድ ቤት ሲያረጁ፣ ከዘመድ አንድ ስንኳ የጠየቀ የለም፤ ልጂቱ ወደ እርሳቸው አስቀድማ የሄደችውም በዚህ ምክንያት ኖሯል። እናትየዋ ይህን በተረዱ ጊዜ ልጃቸውን ትተው በእኅታቸው ላይ ዞሩ፤ “ይህን ሁሉ የልደት በዓል አብረን ስንበላ!” እያሉ ወቀሱ። ከልጂቱ ጋራ ፈጥነው ታረቁ፤ ከእኅታቸው ጋራ ግን እኔ ከአገሩ እስክወጣ ድረስ፣ የመጪው ልደት ምሳ በማን ቤት ይሁን በሚለው ላይ ገና አልተስማሙም ነበር።