ጀግና ማን ይባላል?

ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ለልጆቻችን ከምናወጋላቸው ሁሉ እንደ ጀግና ወግ የሚጣፍጣቸው የለም። ወጉ ሲያልቅም ልጁ ዱላውን እንደ ጠመንጃ ትከሻው ላይ አጋድሞ በደጅ ይፎክራል፤ እኛም ስቀን «የኔ አንበሳ!» እንለዋለን። ነገር ግን ይኸው ልጅ መለስ ብሎ «ጀግና ማለት ምን ማለት ነው?» ቢለን ምን እንደምንመልስለት አስበንበት እናውቃለን? ሳናስበው ከአፋችን የሚወጣው መልስ «ጠላቱን የገደለ ነው» የሚል እንዳይሆን እንሰጋለን። በዚህ ወር ይህን ጥያቄ ልናነሣ የወደድነውም ስለዚሁ ነው። ለምሳሌውም ሩቅ አንሄድም፤ በደቡብ ጎንደር በስተ ምሥራቅ ያሉት ጋይንት፥ ስማዳና እስቴ ይበቁናል።

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በነፋስ መውጫ አድርጎ በጨጨሆ ያለፈ መንገደኛ ያ አገር ምን ያህል ገደላማ እንደ ሆነ ያውቃል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሡ፥ ጋፋት ላይ ያሠሩትንና ሰባ ኩንታል ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጎተቱ የሄዱት በዚሁ በጋይንት በኩል ነበር። ሠረገላ የሚያሳልፍ መንገድ ስላልነበረ ድንጋዩ እየተፈለጠ፥ ገደሉ እየተናደ፥ ጐድጓዳው እየተሞላ መንገዱ በየዕለቱ ይሠራ ነበር። ሽቅብ በሆነ ጊዜ መድፉን የሚስቡት ሰዎች በመቶ የሚቆጠሩ ነበሩ። አብረው የተጓዙት አውሮፓውያን እንደ ጻፉት፥ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር በእጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። ጉዞው ስድስት ወር ገደማ ፈጅቶ በመጋቢት መቅደላ ደረሱ። ለእንዲህ ያለ ጽናት ባርኔጣውን የማያነሣ ሰው የለም።

ይሁን እንጂ ታሪኩን ሙሉውን ማንበብ ይገባናል። በዚያው ዘመን የበጌምድር ገበሬ እህሉና ከብቱ ተዘርፎበታል፤ የጎንደር አብያተ ክርስቲያናትም ተቃጥለዋል። ሚያዝያ 2 ቀን 1860 ዓ.ም.፥ የአሮጌ ጦርነት ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው፥ ንጉሠ ነገሥቱ በቁጣ ተነሣሥተው አያሌ እስረኞችን ከመቅደላ አፋፍ ወደ ገደል አስወረወሩ። ቁጣቸው በበረደ ጊዜ ግን ጸጸቱ አላስተኛቸውም ይባላል። ሚያዝያ 6 ቀን እጃቸውን ሳይሰጡ መሞታቸውን ሁላችንም በልጅነታችን ተምረናል፤ የእስረኞቹን ነገር ግን ብዙ ጊዜ እንዘለዋለን። ይህን የምናነሣው የታላቁን ንጉሥ ስም ለማሳነስ አይደለም። የጋይንትን ገደል ንደው ሰባ ኩንታል መድፍ ያሳለፉ ሰው፥ በአንዲት ቀን የገዛ ቁጣቸውን መመለስ እንዳቃታቸው ልብ እንድንል ነው። ጠቢቡ ሰሎሞን ቁጣውን የሚገዛውን ሰው ከተማ ከያዘው የጦር አለቃ አስበልጦ ያየው በከንቱ አይደለም።

በዚሁ አገር ደግሞ ሌላ ዓይነት ጀግንነት አለ። የጋይንቱ ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ነው፤ ዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥእት፤ የእስቴው ቆማ ፋሲለደስም በራሱ የዜማ ስልት የታወቀ ነው። ወደነዚህ ጉባኤዎች የሚመጣው ተማሪ ገና በለጋነቱ ከእናቱ ቤት ወጥቶ፥ ደበሎውን ለብሶ አኮፋዳውን አንግቶ፥ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የለመናትን ቁራሽ በልቶ የሚያድር ነው። የመንደሩ ውሻ ይነክሰዋል፤ ብርድና ረኀብ ይፈራረቁበታል። ጾመ ድጓውንና ምዕራፉን ዘልቆ ድጓውን ከነምልክቱ እስኪጨርስ ዓመታት ያልፋሉ። የተሳሳተ እንደ ሆነ እንደገና ይጀምራል። ለዚህ ሁሉ ድካሙ የሚፎክርለት የለም፤ ከመምህሩና ከባልንጀሮቹ በቀር የሚያውቅለትም የለም። ነገር ግን የቅዱስ ያሬድ ዜማ፥ በግራኝ ጦርነት አገር ከጠፋ በኋላም፥ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክቱን ሠርተውለት፥ ከአፍ ወደ ጆሮ እየተላለፈ ለእኛ የደረሰው በእንደነዚህ ያሉ ስማቸው ባልተጻፈ ሰዎች ትዕግሥት ነው።

የቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ራሱ ይህንኑ የሚያሳይ ነው። በ1940ዎቹ ማብቂያ ቶማስ ፓኬንሃም የተባለ ወጣት እንግዳ ወደዚያ በደረሰ ጊዜ፥ ከውጭ ያየው በየገጠሩ እንደሚገኘው ያለ ክብ የሣር ክዳን ነበር። ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ግን በጥንት ዘመን በተጠረበ ድንጋይ የታነጸ ባለ አራት ማዕዘን ሕንፃ ከክቡ ውስጥ ተሰውሮ አገኘ። የውጭ ሊቃውንት ያን ጊዜ አወቁት፤ የአገሩ ሰው ግን ሲያስቀድስበት ኖሯል።

የድጓ ተማሪነት የጥቂቶች ዕጣ ነው። በየቤታችን ደጅ የሚመጣው ፈተና ሌላ ነው። ወንድሙ ወይም አባቱ የተገደለበትን ወጣት እናስብ። በአገራችን በብዙ ቦታ እንዲህ ያለው ልጅ ደም ካልመለሰ ዕረፍት የለውም። በሠርግ ላይ በግጥም ይሸነቆጣል፤ ጓደኞቹ በነገር ይወጉታል፤ አንዳንድ ጊዜም የገዛ እናቱ እንባዋን እያሳየች ታስታውሰዋለች። ጠመንጃ አንሥቶ ቢወጣ መንደሩ ሁሉ ጀግና ይለዋል። በማግሥቱ ግን በሌላው ቤት ለቅሶ ይሆናል፤ ከዚያም ቤት አንድ ልጅ ደም ለመመለስ ያድጋል።

አሁን ደግሞ ሽማግሌዎችና ካህናት መስቀል ይዘው፥ የገዳዩም ወገን በአንገቱ ድንጋይ ተሸክሞ ከደጁ ሲወድቅ፥ ያ ወጣት ልቡ እየነደደ «ስለ እግዚአብሔር ብዬ ምሬአለሁ» ቢልስ? ፈራ የሚሉት ይኖራሉ። በውነቱ ግን ከዚያ ቀን ይልቅ ድፍረት የጠየቀው ቀን አልነበረም፤ የሚተኩስ ሰው አንድ ጠላት ይገጥማል፤ የሚምር ሰው ግን ቁጣውንም፥ ኀዘኑንም፥ የመንደሩንም ሐሜት አንድነት ይገጥማል። የሁለት ቤት ልጆችም በሕይወት ይቀሩለታል።

ይህንን ማለታችን አገር ሲወረር ወጥቶ መዋጋት ጀግንነት አይደለም ለማለት እንዳይደለ አንባቢዎቻችን ይረዱልናል። አባቶቻችን ስለ አገርና ስለ ሃይማኖት ደማቸውን አፍስሰዋል፤ እናከብራቸዋለን። ነገር ግን ለእነርሱም ክብር የሆናቸው የገደሉት ሰው ብዛት ሳይሆን ስለ ሌላው ብለው የተሸከሙት መከራ ነው። መድፉን በጋይንት አቀበት የሳቡት ሰዎችም በጉልበታቸው ተሸክመዋል፤ የድጓው ተማሪም በረኀቡ፤ ይቅር ባዩም በልቡ ተሸክሟል።

እንግዲህ እናቶችና አባቶች ሆይ፤ ልጃችን ዱላውን ይዞ ሲፎክር አንቈጣው፤ ልጅነት ነው። ነገር ግን ወንድሙ የመታውን ሳይመልስ የቀረ ዕለት፥ የጎረቤቱን አሮጊት ውኃ ሳይታዘዝ የቀዳላት ዕለት፥ ያጠፋውን ሳይዋሽ የተናገረ ዕለት፥ ያን ጊዜም «የኔ አንበሳ!» እንበለው። በሠርግ ቤትም ደም የሚያስመልስ ግጥም ሲወጣ አብረን አናጨብጭብ። ልጆቻችን ጀግና የምንለውን ሰው ለመምሰል ያድጋሉና፥ ማንን እንደምናመሰግን እንጠንቀቅ።